ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን እሴት መኖር፦ ለድርጅት ባለቤቶችና ለሥራ አስኪያጆች ዝርዝር መመሪያ

ከዓመታት በፊት ሐዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ሆቴል የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ ስሠራ፣ በሠራተኞች መውጫ በር ላይ አንድ የሚያምር ሰሌዳ ነበረን። «እሴቶቻችን፦ ታማኝነት፣ እኩልነት፣ ግልጽነት፣ ደንበኛን ማክበር» ይላል። ማታ ፈረቃ ሲቀየር አስተናጋጆቹና የጽዳት ሠራተኞቹ ሰሌዳው ሥር ተሰልፈው ቦርሳቸውን ከፍተው ያስፈትሻሉ። አንድ ቅዳሜ ማታ እዚያው ቆሜ ሳለሁ የባለቤቱ አማች መኪናውን ወደ በሩ አስጠጋ። ከኋላ ሁለት ሳጥን ለስላሳና አንድ ጀሪካን ዘይት ተጭኗል። ጥበቃው እጅ ነስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት፤ መዝገቡን አልነካውም። ቦርሳቸውን ከፍተው የቆሙት ሴቶች አንዳቸውም ቀና አላሉም። መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእነዚያ ሴቶች አንዷ ግማሽ ሊትር ዘይት ይዛ ስትወጣ ተያዘች። የስንብት ደብዳቤዋን የፈረምኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ተቀብላ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከከተተች በኋላ፣ «የእኔ ጥፋት በእጄ መያዜ ነው፤ በመኪና ቢሆን ኖሮ በሩ ይከፈትልኝ ነበር» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዓመታት ያስተማሩት ኤድጋር ሻይን የድርጅትን ባህል በሦስት ደረጃ ይከፍሉት ነበር፦ በዓይን የሚታየው፣ በቃል የሚነገረው፣ ከሥር ደግሞ ማንም ሳይናገረው ሁሉም እውነት ብሎ የያዘው። በእኛ በር ላይ ሰሌዳው ይታይ ነበር፤ «ታማኝነት» ይነገር ነበር፤ ሁሉም እውነት ብሎ የያዘው ግን በሩ ለማን እንደሚከፈት ነበር። አዲስ የተቀጠረ ሠራተኛ ይህን ሦስተኛውን ለማወቅ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም።

ከዚያ ወዲህ በሆቴል፣ በዳቦ ቤት፣ በልብስ ስፌትና በግንባታ ዕቃ ንግድ ላይ ላሉ ባለቤቶች በዚሁ ጉዳይ ላይ ምክር ስሰጥ ቆይቻለሁ። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሃያም ሁለት መቶም ሠራተኛ ላለው ድርጅት ይሆናል። ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ፤ በተለይ ከአራተኛው ደረጃ በፊት ሠራተኛ ሰብስበው ንግግር አያድርጉ።

ደረጃ 1፦ ሰሌዳውን አውርደው ቃል በቃል ያንብቡት

የብዙዎቻችን ሰሌዳ ከየት እንደመጣ አይጠፋንም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ በተካሄደበት ዘመን ራዕይ፣ ተልዕኮና እሴት በየኮሪደሩ ተሰቀለ፤ የግሉም ድርጅት ከማተሚያ ቤቱ ናሙና መርጦ ተከተለ። ስለዚህ ቀበሌውም፣ ክሊኒኩም፣ የብሎኬት ማምረቻውም «ቅንነት፣ ጥራት፣ የቡድን ሥራ» ይላል።

እያንዳንዱን ቃል በሁለት ጥያቄ ይፈትኑት። ይህን ቃል የጣሰ ሰው መጣሱ በምን ይታወቃል? ይህን ቃል ለመጠበቅ ድርጅቱ ምን ያጣል? ለሁለቱም መልስ የሌለው ቃል ከሰሌዳው ይውጣ። የቀረውን፣ ቢበዛ ሦስት፣ ጥበቃው ሳይቀር ሊፈርድበት ወደሚችል ዓረፍተ ነገር ይለውጡት። «ታማኝነት» የሚለው ለምሳሌ «ማንም ሰው፣ ባለቤቱና ቤተሰቡ ጭምር፣ ያለ መውጫ ፈቃድ ዕቃ ከግቢ አያወጣም» ይሆናል። «ግልጽነት» ሲጻፍ «ሠራተኛ ያቀረበው ጥያቄ በሰባት ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ ያገኛል፤ መልሱ አይቻልም ቢሆን እንኳ» ይባላል። «ደንበኛን ማክበር» ደግሞ «በሒሳብ ላይ የተፈጠረን ስህተት ድርጅቱ ይሸፍናል፤ ከአስተናጋጁ ደመወዝ አይቆረጥም» ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከደንበኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ካለ፣ ሦስት መቶ ብር ከኪሱ እንዳይወጣ የሚፈራ አስተናጋጅ ከእንግዳ ጋር ሲከራከር ቆሞ ይይ።

ቋንቋውንም አይርሱት። ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ሰሌዳ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ከሥሩ የሚያልፈው ሠራተኛ ግማሹ ከገጠር ወረዳ የመጣና በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) የሚያስብ ነው። ሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች በአማርኛም በሲዳሙ አፎም ያስጽፉ። ትርጉሙን ለማተሚያ ቤት አይተዉ፤ ከሠራተኞችዎ ሁለቱን ያስቀምጡና «ይህን ለእናታችሁ ብትነግሯት እንዴት ትሏታላችሁ?» ብለው ይጠይቋቸው።

አዲሱን ሰሌዳ ገና አይስቀሉት። መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

ደረጃ 2፦ ለሁለት ሳምንት ራስዎን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ይግዙና በየገጹ ሦስት ዓምድ ያስምሩ፦ ጊዜ፣ ገንዘብ፣ ቁጣ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ወስደው ይሙሉት። ዛሬ ጊዜዬን ለማን ሰጠሁ? የትኛውን ክፍያ ወዲያው ፈረምኩ፣ የትኛውን አሳደርኩ? በማን ላይ፣ ለምን ተቆጣሁ?

ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉ ይበልጣል። ሠራተኛ አለቃው ምን እንደሚወድ የሚማረው ከምስጋናው ይልቅ ከቁጣው ነው። «ቅድሚያ ለደንበኛ» ብለው የሰቀሉ አንድ ባለ ዳቦ ቤት ይህን ደብተር አሥራ ሁለት ቀን ሞሉ። አሥራ ሁለቱንም ጠዋት ሲገቡ ለገንዘብ ያዧ የመጀመሪያ ቃላቸው «ትናንት ስንት ገባ?» ነበር። ስለ ደንበኛ ቅሬታ የጠየቁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ቅሬታ ያቀረበው ሰው ጎረቤታቸው ስለነበረ። የተቆጡት ስድስት ጊዜ ነው፤ ስድስቱም በጎደለ ሒሳብ። ያረረ ዳቦ ስለሸጠ የተቆጡት ሰው የለም። እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። ደብተሩን ሲያዩ ግን ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ለካ እኔ ነኝ» አሉ።

የጠዋት የመጀመሪያ ጥያቄዎን መለወጥ ገንዘብ አያስወጣም። እኚሁ ሰው አሁን «ትናንት ደንበኛ የመለሰብን ዳቦ አለ?» ብለው ይጀምራሉ፤ ገቢውን ሁለተኛ ይጠይቃሉ። ከሁለት ወር በኋላ ጋጋሪዎቹ ያረረውን ራሳቸው ለይተው ማስቀመጥ ጀመሩ፤ መጠየቃቸው አይቀርምና።

ደረጃ 3፦ ከታች ያለውን ሰው ይስሙ

በሲዳማ ሽማግሌዎች ዘንድ «አፊኒ» የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ። ቃሉ «ሰማችሁ ወይ?» እንደማለት ነው፤ ነገር በጋራ ሳይሰማና ሳይጣራ ፍርድ አይሰጥም። እኛ ግን በየድርጅታችን የሰቀልነው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ነው። የአብዛኛውን ሳጥን ቁልፍ የያዘው ደግሞ ቅሬታ የሚቀርብበት ኃላፊ ራሱ ነው። አንድ ቦታ ሳጥኑን ስናስከፍት ያገኘነው ሁለት የማስቲካ ወረቀትና አንድ የሎተሪ ዕጣ ነው፤ ሠራተኛው በሳጥኑ ላይ የራሱን አስተያየት ሰጥቶበታል።

«ችግር አለ?» ብለው አይጠይቁ። «ምንም የለም፣ ጋሼ» ይባላሉ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት እያደመጠ ያደገ ሰው ነው ፊትዎ የቆመው። እኔ የማውቀው የተሻለ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ነገ አዲስ ልጅ እዚህ ቢቀጠርና ወንድምህ ቢሆን፣ ከዚህ ቤት ሳይባረር ለመቆየት ምን ትመክረዋለህ?» መልሱ ያልተጻፈው የድርጅትዎ ባህል ነው። ከየቦታው ከሰማኋቸው መካከል «ከሒሳብ ሹሟ ጋር እንዳይጣላ»፣ «ስህተት ካየ እንዳላየ ይለፍ»፣ «እሑድ ሲጠሩት እንዳይቀር» የሚሉ ይገኙባቸዋል።

ማንን ይጠይቁ? ጥበቃውን፣ ገንዘብ ያዧን፣ የንብረት ክፍሉን ሠራተኛ፣ ሹፌሩን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን። እነዚህ አምስቱ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ ያያሉ። ጥያቄውን የሚያቀርበው እርስዎ ባይሆኑ ይመረጣል፤ ከውጭ የመጣ፣ ስም የማይጽፍ፣ ቡና እየተጠጣ ሦስት አራት ሰው በአንድ ላይ የሚያነጋግር ሰው ያድርጉ። ከዚያ የተባለውን ሁሉ፣ የሚያሳፍረውንም ጨምሮ፣ በአንድ ገጽ ተቀብለው ያንብቡ። ማን እንዳለው ለማወቅ አይሞክሩ። ይህን የምለው በልምድ ነው፤ ከአምስት ባለቤቶች ሦስቱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ይህን ያለው ማነው?» ነው። ያን ጥያቄ ከጠየቁ ሥራው እዚያው አለቀ።

በቶዮታ ፋብሪካዎች ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ የሚስበው ገመድ አለ። ገመዱ ሲሳብ የቡድኑ መሪ ወዲያው ይመጣል፤ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ከዚህ ሰምተው ገመዱን ብቻ የገለበጡ ብዙ ናቸው። ቁም ነገሩ ያለው የመጣው መሪ በሚያሳየው ፊት ላይ ነው። የእኛ ከተማ፣ የሐዋሳ፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ በመስመር ተቀምጦ መስፋት ለብዙ ሺህ ወጣቶች የታወቀ ሥራ ሆኗል። በየትኛውም የስፌት መስመር ላይ የመጀመሪያዋ ልጅ «ይህ ስፌት ተበላሽቷል» ስትል የደረሰባትን ሌሎቹ ሁሉ ያስታውሱታል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ተናጋሪ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያመስግኑት፤ ቢሳሳት እንኳ።

ደረጃ 4፦ የደመወዝ ሰነዱን ከሰሌዳው ጎን ያስቀምጡ

«ሠራተኞቻችን ቤተሰቦቻችን ናቸው» የሚል ድርጅት ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው የትርፍ ሰዓት መዝገብ ነው። ቤተሰብ የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ክፍያ በሚቀርበት ቀን ነው የሚጠራው።

ሕጉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወለል ነው፤ ከወለሉ በታች ቆሞ ስለ እሴት መናገር አይቻልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ዕረፍት 16 የሥራ ቀን ነው። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ተቀንሶ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል፤ የቀነሱትን አለማስገባት ደግሞ የሰው ገንዘብ መያዝ ነው።

ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የገብርኤል ዕለት ሐዋሳ በእንግዳ ጢም ስትል፣ አልጋ ሲጠፋ፣ ወጥ ቤቱ እስከ ሌሊት ሲነድ የሠራውን ሰው ያስቡ። ከሒሳብ ሹሙ ጋር ተቀምጠው ያለፈውን የገብርኤል ሳምንት የሰዓት መቆጣጠሪያና የደመወዝ መክፈያ ጎን ለጎን ይመልከቱ። የጎደለ ካለ ይክፈሉ፤ ለምን እንደከፈሉም በደመወዝ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ሠራተኛ ሰብስበው መናገር የሚችሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ሰሌዳውን ከመሳቢያ ያውጡት።

ደረጃ 5፦ ከቤተሰብዎ ይጀምሩ

ሁሉም ነገር የሚሰናከለው እዚህ ነው። ባለቤቱ ለራሱ ሕግ ማክበር አይከብደውም፤ ለወንድሙ፣ ለአማቹ፣ ለክርስትና ልጁ «አይሆንም» ማለት ነው የሚከብደው። ይሉኝታ ይይዘዋል። ጥበቃውን ደግሞ ፍርሃት ይይዘዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ዝም ይላሉ፣ በሩም ይከፈታል።

ለጥበቃው «ማንንም አታሳልፍ» ብሎ ማዘዝ ሸክሙን ደካማው ላይ መጣል ነው። ይልቅ እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ቤተሰቡን ቤትዎ ውስጥ፣ ምሳ ላይ፣ ሰብስበው ይንገሩ። የምመክረው አነጋገር «ከድርጅቱ ምንም አትውሰዱ» የሚል አይደለም፤ ማንም አይቀበለውም፣ እርስዎም አያስፈጽሙትም። «የምትፈልጉትን ውሰዱ፤ ግን በእኔ ስም ተመዝግቦ፣ ከእኔ ድርሻ ተቀንሶ» ይበሉ። ሒሳብ ሹሙ «የባለቤት ወጪ» የሚል ገጽ ይክፈት። በሩ ላይ የሚፈረመው ወረቀት ለአስተናጋጇም ለአማችዎም አንድ ዓይነት ይሁን።

ቀጥሎ ለጥበቃው፣ ቤተሰቡ ባለበት፣ ይህን በጽሑፍ ይስጡት። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «በዚህ ምክንያት በሠራተኛው ላይ የሚደርስ ቅጣት የለም።» ያለዚህ መስመር የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም።

እርስዎም ሲወጡ ይፈተሹ። ነገር ግን አንድ ቀን ብቻ፣ ፎቶ አስነስተው፣ በቴሌግራም ቡድኑ ላይ ለጥፈው ከሆነ ይቅርብዎ። ሠራተኛው ትርኢትን ይለያል። ሥራ ከሆነ በየቀኑ፣ ዝናብም ሲዘንብ፣ ሲቸኩሉም ይሁን።

ደረጃ 6፦ ዒላማዎ ከእሴትዎ ጋር እንዳይጣላ

አሜሪካ ውስጥ ዌልስ ፋርጎ የተባለው ባንክ ስለ ሥነ ምግባር አምሮ የተጻፈ ሰነድ ነበረው። ለቅርንጫፍ ሠራተኞች ደግሞ አንድ ደንበኛ ስምንት ዓይነት አገልግሎት እንዲገዛ የሚገፋ ዒላማ ነበረው። በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሠራተኞቹ ደንበኞች ሳያውቁ ሁለት ሚሊዮን ገደማ ሒሳብ ሳይከፍቱ እንዳልቀሩ ተገለጠ፤ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ 5,300 ገደማ ሠራተኞች ተባረው ነበር፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። ሰነዱ ያለውና ዒላማው የጠየቀው ሲለያዩ ሠራተኛው የታዘዘው ደመወዙ የታሰረበትን ነው።

ይህን የሩቅ ታሪክ አድርጎ መስማት ቀላል ነው። እኛም አገር ቢሆን በወር ይህን ያህል ተቀማጭ አምጣ የተባለ የባንክ ወጣት ዘመዶቹን እየዞረ ሲለምን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ያወጡትን እያንዳንዱን ዒላማ ወረቀት ላይ ጽፈው ከሥሩ «ይህን ለማሟላት እሴታችንን መጣስ የሚያቀል መንገድ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ከኃላፊዎች ይልቅ ዒላማው የተጣለባቸው ቢመልሱት ይሻላል፤ መንገዱን እነሱ ያውቁታል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የሚመር ጉዳይ አለ፤ ገቢ የሚያስገባው አጥፊ። እንግዳ የሚወደው፣ ግን ረዳቶቹን ሴቶች የሚሳደብና የሚነካካ ዋና ምግብ አብሳይ ያለው ሆቴል አውቃለሁ። አዋጁ ወሲባዊ ትንኮሳን በግልጽ ይከለክላል፤ ባለቤቱ ግን «እሱ ከሄደ ወጥ ቤቱ ይዘጋል» ይሉ ነበር። ከሠርግ ወቅት በፊት ምትክ ሰው ያሠልጥኑ ብዬ መከርኩ፤ አላደረጉትም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሰውየው አሁንም እዚያው ነው፤ ከረዳቶቹ አንዷም አልቆየች። ምትክ አስቀድሞ ማዘጋጀት የእሴት ጉዳይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ምትክ የሌለው ሰው ላይ ማንም አይፈርድም።

ደረጃ 7፦ ሲሳሳቱ በስምዎ ይናገሩ

መሳሳትዎ አይቀርም። ቋንቋችን ለማምለጥ ምቹ ነው፦ «ስህተት ተፈጥሯል»፣ «ክፍተት ታይቷል» ስንል ፈጣሪውም ተመልካቹም የለም። «ተሳስቻለሁ» ይበሉ፤ ምን እንዳደረጉ፣ ማንን እንደጎዳ፣ ምን እንዳስተካከሉ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨርሰው ይቀመጡ። ስህተቱ በሰው ፊት ከሆነ ይቅርታውም በዚያው ሰው ፊት ይሁን።

ደረጃ 8፦ በየሦስት ወሩ ይመለሱበት

ካይዘን የተባለውን የጃፓን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ የሠለጠነ ሁሉ አምስቱን «ማ»ዎች፣ በ«ማ» የሚጀምሩትን አምስት ተግባራት፣ ያውቃል፤ የመጨረሻው ማዝለቅ ነው፤ ከአምስቱም የሚቀረው እሱ ነው። በየሦስት ወሩ የደረጃ 3ን የቡና ጥያቄ ይድገሙ፤ የራስዎን ደብተር ለአንድ ሳምንት ይሙሉ፤ ለሠራተኛ ጥያቄ የተሰጡ የጽሑፍ መልሶችን ቀን ይቁጠሩ። ሌላ ነገር አይጨምሩ።

ሰሌዳውን ከማውረድዎ በፊት፣ ነገ ጠዋት፣ ያለፈውን ወር የበር መዝገብ አስመጥተው ይዩት። የእርስዎ ወይም የቤተሰብዎ ስም ያለበት መስመር ስንት ነው? አንድም ከሌለ ወይ ማንም ምንም አልወሰደም፣ ወይ የተወሰደው አልተጻፈም። የትኛው እንደሆነ ጥበቃው ያውቃል። ቢሮዎ አይጥሩት፤ እሱ ያለበት ድረስ ሄደው፣ ወንበር ስበው አጠገቡ ይቀመጡ።